ዜሮ ያልኩት አየር

ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት

ሚሞሪ ካርዱ ለሦስተኛ ጊዜ ተበላሸብኝ። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ተጽፎ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው መብራት እልም። የላፕቶፔ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፤ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ጥርሴን ነክሼ ጠበቅኩ። መብራት መጣ፣ እንደገና ጀመርኩ። አሁን 62 በመቶ። ደብተሬ፣ አንተን የከፈትኩህ ስክሪኑ ላይ ላለማፍጠጥ ነው።

ቦርዱ መዳፌን አያህልም። ይህ ሙሉ ኮምፒውተር ነው ስላት እማዬ አገላብጣ አየችውና ታዲያ ቴሌቪዥኑ የታል አለችኝ። ሥራውን ነገርኳት። ሴንሰሩ የከሰል ጋዝ ይለካል። ጋዙ ከልክ ካለፈ ቦርዱ ፋን ያስነሳል፣ ክላክስ ያስጮሃል። ክላክሱን ከአሮጌ ሞተር ሳይክል ነው የፈታሁት፤ ሙታን ይቀሰቅሳል።

ለምን እንደምለፋ ታውቃለህ። አምና ጎረቤት የተከራዩት ሁለት ግንበኞች ማንደጃ ይዘው ገብተው፣ በር ዘግተው ተኙ። ጠዋት በሩን ከሰበሩት አንዷ እኔ ነኝ። ተሸፋፍነው፣ ምንም ያልሆኑ መስለው። ጋዙ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። እና ታናሽ እህቴ አስካል ትናንት ጤና ጣቢያ ወለደች። ሴት ልጅ። ባሏ ተስፋዬ ሥራው ራቤል ስለሆነ እኛ ጋ ነው የምትታረሰው። በዚህ ውርጭ ጓዳችን ያለ ከሰል አይሞከርም። ሐሙስ ትመጣለች፤ እስከዚያ ማለቅ አለበት።

78 በመቶ። እንዳትጠፋ፣ አደራ።

ኅዳር 10፣ ከሰዓት

ካርዱ ሠራ። ቦርዱ ተነሳ። ሴንሰሩን አያያዝኩት፤ መመሪያው ሁለት ቀን ሳይቋረጥ ይሙቅ ይላል። በሞተር ሳይክል ባትሪ ደግፌ አስቀመጥኩት፣ መብራት ቢጠፋም አይቋረጥም።

ከዚያ ጠብ። ፋኑን ለማስገባት የጓዳውን ግድግዳ ልበሳ ስል እማዬ መዶሻውን ከእጄ ቀማችኝ። የአራስ ቤት ይበሳል ወይ ነው ነገሩ። ብርድ ወገቧን ይይዛታል፣ ምች ይመታታል፣ ጡቷ ይደርቃል። የስንቱን ልጅ አርሻለሁ፣ አንዷ እንኳን አልሞተችብኝም አለች። እውነቷን ነው። ከተማችን ዘመሮ ውስጥ ሴት ስትወልድ መጀመሪያ የምትጠራው እሷ ናት። ከሰል አያያዟንም አውቃለሁ፤ ደጅ ታቀጣጥለዋለች፣ ሰማያዊው ነበልባል ጠፍቶ ፍም እስኪሆን አታስገባውም፣ ካስገባች በኋላም በሩን ገርበብ ታደርጋለች። ግን ስልሳ ስድስት ዓመቷ ነው። አንድ ጆሮዋ አይሰማም። ትረሳለች። አንድ ቀን ብትረሳስ?

በመጨረሻ ተስማማን። በተውሶ መዶሻ በሳሁትና ቀዳዳው ላይ ከዘይት ቆርቆሮ የተቆረጠ ክዳን አንጠለጠልኩ። ፋኑ ሲነሳ ነፋሱ ክዳኑን ይገፋዋል፣ ሲቆም ይዘጋል። ብርድ አይገባም። እማዬ እጇን አስጠግታ ሞከረችው፣ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። መዶሻዬን ግን እስካሁን አልመለሰችልኝም።

ኅዳር 12፣ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል

የሚካኤል ዕለት። ኅዳር ሲታጠን። ሰፈሩ ከንጋት ጀምሮ ቆሻሻውን እየቆለለ ያነዳል፤ እማዬም ግቢውን ጠርጋ በር ላይ ለኩሳለች። ዓይኔ ይለበልበኛል። ፀሐይዋ እንደ በሰለ ቲማቲም ቀልታለች።

ሴንሰሩ ሁለት ቀን ሞቆ ጨረሰ። የቀረው አንድ ነገር፦ ንጹሕ አየር ላይ አውጥቶ፣ ይህ ዜሮ ነው ብሎ ለማሽኑ መንገር። እቤት ውስጥ አታድርጉት ይላል መመሪያው፣ የምድጃ አየር አለበት። እኔ ደግሞ መመሪያ አልጥስም። ባትሪውን አቅፌ፣ ገመዱን ጎትቼ ግቢ ወጣሁ፣ ዱካ ላይ አስቀመጥኩት፣ ግማሽ ሰዓት ጠበቅኩት። ጎረቤታችን ወ/ሮ ደስታ በአጥር አሾልቃ አየችኝና ባልሽን ፀሐይ ልታሞቂው ነው ወይ አለች። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ባል ስትፈልግልኝ የኖረች ሴት ናት። አዎ፣ በርዶት ነው አልኳት።

ቁጥሩ ሲረጋ መዘገብኩት። ዜሮ። አለቀ። አስካል 9 ሰዓት ላይ ትገባለች።

ኅዳር 13

ሕፃኗ አፍንጫዋ የተስፋዬ፣ ጩኸቷ የእኔ። ስም ገና የላትም፤ አስካል ሚሚ ትላታለች።

ዛሬ ፈተናውን አደረግኩ። አስካልንና ልጇን ሳሎን አወጣሁ፣ ገና የተቀጣጠለ ከሰል ሴንሰሩ ሥር አስጠጋሁ። ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ ክላክሱ አንባረቀ። ፋኑ ተነሳ፣ ክዳኑ ተከፈተ። እንኳን ማርያም ማረችሽ ሊሉ የመጡ ሴቶች ገንፏቸውን ጥለው ወደ በር። ወ/ሮ ደስታ ጫማዋን ረስታ ነው የወጣችው። ሆዴን ይዤ ሳቅኩ፤ እማዬም ሳቀች።

ሴቶቹ ሲሄዱ ግን አጠገቤ ተቀመጠች። ጥያቄዋ ቀላል ነበር።

«ታዲያ ይኼ ነገር ካልጮኸ ምንም የለም ማለት ነው?»

«ምንም የለም። አርፈሽ ተቀመጪ።»

ደስ አለኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራዬን ሥራ ብላ ጠየቀችኝ። ት/ቤት ኮምፒውተር ማስተማሬን ለሰው ስትናገር ከመንግሥት ደመወዝ ታገኛለች ነው የምትለው፣ ሌላ አትልም።

ኅዳር 16

ጾም ገብቷል። ለአራስ ቅቤ፣ ለእኛ ሽሮ።

ስልኬ ላይ የጓዳውን ሙቀት ከት/ቤት ሆኜ አያለሁ። አምፖሉንም ከስልክ ማብራት ማጥፋት ይቻላል። አስካል ተኝታ አምፖል ስታዝ ንግሥት ሆንኩ ትላለች። የጋዙ ቁጥር 0። ጠዋት 0፣ ቀትር 0፣ ማታ 0። ጽድት ያለ ቤት። እማዬ ማሽኑን «ዘበኛው» ብላዋለች። ለሰው ሁሉ ታሳየዋለች።

ኅዳር 20፣ ጠዋት

ውርጭ። ባልዲው ላይ በረዶ ጋግሯል። እማዬ ማንደጃውን ይዛ ስትገባ አየኋት፤ ከሰሉ ገና ነው፣ ሰማያዊው ላዩ ላይ ይጨፍራል። ዞር አለችና ያየሁትን አየች። ዘበኛው አለ አይደል አለችኝ፣ እዚያ ውርጭ ላይ ቆሜ ጉልበቴን ከምቆርጥ። በሩንም ዘጋችው።

ስልኬን አየሁ። 0። ምንም አላልኩም። እውነቱን ልጻፍ፦ ኮራሁ። የስንት ዘመን ልማድ በእኔ ቦርድ ተለወጠ ብዬ ኮራሁ።

ኅዳር 24፣ 5 ሰዓት

ጤና ጣቢያ በር ላይ ነኝ። ክፍል ውስጥ ሳለሁ ተጠራሁ። አስካል ትተነፍሳለች፣ ኦክስጅን አድርገውላታል። ሰው አትለይም።

ሚሚ ሞታ ነው የደረሰችው።

ኅዳር 25

ልጻፈው። ካልጻፍኩት አልችልም።

ትናንት ማለዳ እማዬ ከሰል አስገባች፣ በር ዘጋች፣ ፀሐይ የሚያገኘው ደጅ ላይ ገብስ ልትለቅም ወጣች። እናትና ልጅ ተኝተዋል። ሦስት ሰዓት ላይ አጥሚት ይዛ ስትገባ አስካል አልጋው ጠርዝ ላይ አስመልሳ ተዘርራለች። ሕፃኗ ጡቷ ሥር። ቀይ ናት፣ ጤነኛ መስላለች አለች እማዬ። እሱን ደጋግማ ትናገራለች።

ተስፋዬ ከራቤል ማታ ደረሰ። ጓዳ ገባ፣ ብቻውን ቆመ። የፋኑን ክዳን አየው። ክዳኑ ውስጥ ጥቁር ሻሽ ተወትፏል፣ የእማዬ። ከትናንት በስቲያ ሌሊት በነፋሱ ክዳኑ ሲንኳኳ ሕፃኗ እየባነነች አስቸግራ ነበር፤ እማዬ ወተፈችው። ተስፋዬ ሻሹን መዝዞ አወጣና ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። አልጮኸም። አልተሳደበም። ምነው በተሳደበ።

እማዬ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ክላክሱ ጮኾ ይሆናል አለች፣ እኔ ደጅ ነበርኩ፣ ይቺ ጆሮዬ። ጮኾ ይሆናል።

ጎረቤቱ ያን ጠዋት ገበያ ስለነበር አልጮኸም የሚል አልተገኘም፤ ሰውም ይህንኑ ያዘ። ማሽኑ ጮኸ፣ ፋኑ ተነሳ፣ አሮጊቷ ወትፋዋለች፣ አልሰማችምም። ክርስትና አልተነሳችምና ፍትሐት አልተደረገላትም። ተስፋዬና አንድ ጎረቤት ይዘዋት ሄዱ። ሴቶች አልተከተልንም። ገና አሥራ ስድስት ቀኗ ነበር።

ኅዳር 28

አስካል ነቃች። እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ቃል ይጠፋታል፤ ይተዋታል አሉ ሐኪሞቹ። ተስፋዬ ወደ ራቤል ወሰዳት፣ እናቱ ታስታምማታለች። እማዬ መኪናው በር ድረስ ሄደች፣ ነጠላዋን ልታለብሳት። አስካል ፊቷን ወደ ወንበሩ አዞረች። ተስፋዬ ነጠላውን ተቀብሎ መልሶ እማዬ ክንድ ላይ አደረገውና በሩን ዘጋ።

እኔን ግን እጄን ያዘኝ። አንቺ የምትችይውን አድርገሻል አለኝ።

ታኅሣሥ 2፣ ከሰዓት

ቦርዱን ሳልነካው ቆይቼ ዛሬ ፈታሁት። ሎግ ፋይሉ በየደቂቃው ይመዘግባል። ክላክሱ የጮኸበትን ደቂቃ ላገኝ ነው። ስንት ሰዓት ላይ? እማዬ ብትሰማ ትደርስ ነበር ወይ? እንዲህ ዓይነት ነገር ሰው ለምን ማወቅ ይፈልጋል አትበለኝ።

አልጮኸም።

ኅዳር 24 ከማለዳ እስከ ሦስት ሰዓት መስመር በመስመር አነበብኩ። 0፣ 0፣ 12፣ 20። ከዚያ 33። ከዚያ 41። ከፍተኛው 41። ከ50 ሲያልፍ ነው ጩህ ያልኩት። ክላክሱ አልጮኸም፣ ፋኑም አልተነሳም። ፋኑ ካልተነሳ ክዳኑ ሻሽ ኖረም አልኖረ ዝግ ነው።

ሴንሰሩ ተበላሽቶ ነው አልኩ። የዜሮውን ፋይል ከፈትኩ። ማሽኑ የሚጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፦ ኖቬምበር 21፣ ጠዋት። በጣቴ ቆጥሬ ወደ እኛ መለስኩት።

ኅዳር 12።

አንተን ገልብጬ የዚያን ቀን ገጽ አነበብኩ። በራሴ እጅ ጽፌዋለሁ። ዓይኔ ይለበልበኛል ብያለሁ። ፀሐይዋ ቀልታለች ብያለሁ። አገር ሁሉ ቆሻሻ በሚያነድበት ጠዋት፣ እማዬ ከለኮሰችው ክምር አሥር እርምጃ ላይ ሴንሰሩን አስቀምጬ ንጹሕ አየር ማለት ይህ ነው አልኩት። አመነኝ፤ ከዚያ ወዲህ ያን ጭስ ያህል ከእውነተኛው ቁጥር እየቀነሰ ነው ያሳየኝ።

ታኅሣሥ 3

ምናልባት ተሳስቼ እንደሆነ ብዬ። ከት/ቤት ፈቃድ ጠየቅኩ፣ ቦርዱንና ባትሪውን ይዤ ከከተማው ወጣሁ፣ ሜዳው ላይ። ጭስ የለም፣ ቤት የለም፣ ነፋስ ብቻ። ፕሮግራሙ ውስጥ አንድ መስመር አለ፦ ቁጥሩ ከዜሮ በታች ከመጣ 0 ብለህ አሳይ። እንዲያምር ብዬ ነው የጻፍኩት፤ በታች ያለ ቁጥር ሰው ያደናግራል ብዬ። መስመሩን አጠፋሁት።

ከዜሮ በታች። በብዙ በታች። ከምንም ያነሰ ጋዝ የለም፣ ደብተሬ። ያ ሁሉ የኮራሁበት 0 ውሸት ነበር። ከሰል ያለበት ጓዳ ጠዋት 0፣ ማታ 0 ሲያሳይ አንድ ተማሪዬ እንኳን ይጠራጠር ነበር። እኔ ቤታችን ጽዱ ነው አልኩ።

ሜዳው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እማዬ ከሰል ስታቀጣጥል ብርድ ላይ ቆማ የምትጠብቀው ለዚህ ነበር። ሴንሰር አልነበራትም፣ ዓይን ነበራት። አርፈሽ ተቀመጪ አልኳት።

ታኅሣሥ 5

አልተናገርኩም። ዛሬም አልተናገርኩም።

እማዬ ለንስሐ አባታችን ተናግራለች። ሻሹን በእጄ ወትፌ ሕፃን ገደልኩ ብላ ነው የተናገረችው። እሳቸውም አዝነው ስግደትና ጾም ሰጧት። ቀለል አድርገውላት ነበር፤ በገዛ እጇ ጨመረችበት። ማለዳ ማለዳ ከአልጋዋ አጠገብ ስትወድቅ ስትነሳ እሰማለሁ። ጉልበቷ ቆስሏል፤ ቀሚሷ ላይ ደም አየሁ። ቅባት ላምጣልሽ አልኳት። ተይው አለችኝ።

ትናንት የሰፈር ሴት ወለደች። እማዬን አልጠሯትም። ወ/ሮ ደስታ ናት የሄደችው፣ በእኛ በር በኩል፣ አንገቷን አቀርቅራ።

ርእሰ መምህሩ ደግሞ ማሽኑን ለተማሪዎች አሳዪ፣ ሰው ይማርበት፣ የቤታችሁም ሐዘን በከንቱ አይቅር አሉኝ። እሺ አልኩ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ? እሺ አልኩ!

ታኅሣሥ 8፣ ቀትር

ነገርኳት።

ገብስ ትፈትግ ነበር። አጠገቧ ቁጭ አልኩና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ዜሮ ማለት ምን እንደሆነ፣ ግቢ ያወጣሁበት ቀን የትኛው እንደነበር። ክላክሱ እንዳልጮኸ። ጆሮሽ ምንም አላጠፋም፣ ሻሽሽም ምንም አላጠፋም አልኳት። አርፈሽ ተቀመጪ ያልኩሽ እኔ ነኝ። ኅዳር 20 ሰማያዊውን አይቼ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።

ዘነዘናውን አስቀመጠች። ትጮሃለች ብዬ ነበር፣ ትመታኛለች ብዬም ነበር። እጇን አየች።

«ሌላ ሰው ያውቃል?»

አንድም ሰው አልኩ።

«እንግዲያ ይቅር፣ ስንዱ። እኔ አርጅቻለሁ። ቢጠሉኝ ስንት ዓመት ሊጠሉኝ ነው? አንቺና አስካል ግን ገና ብዙ ዘመን አላችሁ። እኔ ስሞት ማን ይቀርሻል?»

አይሆንም አልኩ። ይሆናል አለች። ንስሐውንም ጀምሬዋለሁ፣ መሐል ላይ አይቋረጥም አለች። ዘነዘናውን አንስታ መውቀጧን ቀጠለች፤ ነገሩ በእሷ በኩል አልቋል።

ትልቁን ነገር ልንገርህ፦ ስትለኝ ለአንድ አፍታ ቀለለኝ። ደረቴ ተከፈተ። እሺ ለማለት አፌ ተዘጋጅቶ ነበር። ከዚያ ለመነሳት እጇን ግድግዳ ላይ አድርጋ፣ አንዱን ጉልበት፣ ቆይታ ሌላውን ስታነሳ አየኋት።

ታኅሣሥ 9፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል

መናኸሪያ። መሐል ሜዳ ከተማ ላይ መኪና ቀይሬ ወደ ራቤል። መስኮቱ በጉም ታፍኗል፤ ብዕሩ በብርድ እየተንተባተበ ነው።

እማዬ ስግደቷ ላይ ሳለች ነው የወጣሁት። ሰምታኛለች። አልተጣራችም።

በስልክ አይሆንም። ተስፋዬ ስልኩን ይዘጋዋል፣ ወይ ደግሞ እኔ እዘጋዋለሁ። ፊቷን እያየሁ ነው። ከዚያ በኋላ እህት ባይኖረኝም አይኑረኝ፤ አስካል የምትጠላውን ሰው ለይታ ትጥላ። ከራቤል ስመለስ ንስሐ አባታችን ጋ እሄዳለሁ፣ እማዬ የተሸከመችው የማን እንደሆነ ለእሳቸውም እነግራለሁ። ከዚያ ርእሰ መምህሩ ጋ።

አስካል ምን እንደምትል አላውቅም። እፈራለሁ። መጀመሪያ የምላትን ግን ሌሊቱን ሙሉ ሳጠናው ነው ያደርኩት፣ እዚህ ልጻፈው፣ በር ላይ ስደርስ እንዳይጠፋኝ። አስካል፣ እማዬ ከሰሉን ደጅ ማቆየት የተወችው እኔ ስላልኳት ነው። ሻሹ ቢኖርም ባይኖርም ፋኑ አይነሳም ነበር። ክላክሱ ዝም ያለው ደግሞ እኔ ጭስ የሞላውን አየር ዜሮ ስላልኩት ነው።